ከመቀመጫው ሥር ያለው ሽቦ

አርሊስ ትቬተን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መጋዘን የሄደችው ማንም ሳይጠራት ነው። የባሏ ወንድም ደልማር አዲሱን የሣር ማጨጃ ከሣጥኑ አውጥቶ እንደሚገጣጥም ሰምታለች። ማጨጃው እንደ ትንሽ ትራክተር ሰው ተቀምጦ የሚነዳው ዓይነት ነው። ከሰዓት በኋላ ከሥራ ወጥታ የምትነዳው ደግሞ ካርና ናት፤ ለአርሊስ ያለቻት አንዲት ልጅ። የምታጭደውም ባለፈው መስከረም አባቷ የሞተበትን የመቃብር ኮረብታ ነው። አርሊስ ከቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት አንድ ታጣፊ ወንበር አወጣች፤ እየጎተተች ወስዳ መጋዘኑ በር ላይ ዘረጋችና ተቀመጠች። የደልማር እጅ ከመቀመጫው ሥር ምን እንደሚሠራ በዐይኗ ሳታይ ልጇን እዚያ ላይ አታስቀምጥም።

«መጣሽ?» አለ ደልማር ሳይዞር። በትልቅ ምስማር መንቀያ የሣጥኑን ጣውላ እየገነጠለ ነበር።

«መጣሁ።»

«ልትረጂኝ ነው ልትጠብቂኝ?»

«ልቀመጥ ነው።»

«መቀመጥ መጥፎ አይደለም» አለና ጣውላውን ወደ ጥግ ወረወረው።

«ምስማሩን ንቀልለት፤ ኋላ ጎማ ይወጋል።»

ደልማር ጎንበስ ብሎ ጣውላውን መልሶ አነሣና ምስማሩን ነቀለ። ሰባዎቹን አጋምሷል። ትከሻው እንደ ወንድሙ ሰፊ፣ አንገቱ እንደ ወንድሙ አጭር ነው። ከኋላ ሲታይ ባሏን ኦሪንን ይመስላል፤ ስለዚህ አርሊስ ከፊት ሆና ማየትን ትመርጣለች።

አርሊስ ከዚያ ሸለቆ ወጥታ ኖራ አታውቅም። የተወለደችው ከወንዙ ማዶ ባለ የወተት ላሞች እርሻ ነው፤ ያገባችውም ከወንዙ ወዲህ ያለውን ጎረቤት ነው። የሥራ ዕድሜዋን የጨረሰችው በሸለቆው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ነው። ሁለተኛ ሰሐን የሚጠይቅ ልጅ አትቆጣም ነበር፤ በቤቱ ራት እንደሌለ ታውቃለችና። አንድ ነገር ግን በቀልድ አታልፍም ነበር፤ የሥጋ መቁረጫ ማሽኑን መከለያ። አንድ ቀን አንዲት ረዳት ሥራው ይፈጥንልኛል ብላ መከለያውን አውልቃ ስትቆርጥ አገኘቻት። ሽርጧን አስፈታቻትና ወደ ቤቷ ሰደደቻት። ልጅቷ እያለቀሰች ስትወጣ «ጣቶችሽን ይዘሽ ነው የምትሄጂው፤ አመስግኚ» አለቻት።

እንዲህ ያለች ሴት ናት እንግዲህ አምና በጸደይ ሩባርብ ከተባለው ጎምዛዛ ተክል የተጋገረ ኬክ ይዛ ወደ ቤቷ ጋራዥ የገባችው። ሁለቱ ወንድማማቾች የቤተ ክርስቲያኑን አሮጌ ማጨጃ መቀመጫ ገልብጠው ይሣሣቁ ነበር። ከእንዲህ ዓይነት መቀመጫ ሥር አንዲት ትንሽ ማብሪያ አለች። ሰው ሲቀመጥባት ሞተሩ ይሠራል፤ ሰውየው ከተነሣ ወይም ከወደቀ ሞተሩ ይጠፋል፣ ምላጩም ይቆማል። የሸለቆው ሰዎች ይህችን ማብሪያ እንደ ምቀኛ ጎረቤት ይጠሏታል። መቃብር የሚያጭድ ሰው በየጥቂት እርምጃው ይወርዳል፤ ባንዲራ ይነቅላል፣ የአበባ ማሰሮ ያነሣል፣ ነፋስ የጣለውን ቅርንጫፍ ይሰበስባል። በወረደ ቁጥር ሞተሩ ይጠፋበታል። ስለዚህ የማብሪያዋን መሰኪያ ነቅለው ሁለቱን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ያገናኟቸዋል። ሞተሩም ሰው ሁልጊዜ እንደተቀመጠ ያስባል። ይህን ለጎረቤት መሥራት ባትሪው ያለቀበትን መኪና እንደማስነሣት ያለ ውለታ ነው፤ ማንም እንደ ጥፋት አይቆጥረውም።

«አርሊስ፣ የእጅ ባትሪውን ያዢልኝማ፤ እጄ ለራሴ ጥላ ሆነብኝ» ብሏት ነበር ደልማር ያን ቀን። እሷም ኬኩን አስቀምጣ አበራችለት። ሽቦው ሲገባ ኦሪን «አሁን ገና ሰው ሆነ!» ብሎ ሣቀ። እሷም ሣቀች።

በመስከረም ኦሪን በኮረብታው ቁልቁለት ላይ የአበባ ማሰሮ ሊያነሣ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። ፍሬኑ ማጨጃውን አልያዘውም፤ ወደ ኋላ ተንሸራቶ መጣበት። አርሊስ ከቤቷ ሆና ሞተሩ አንድ ቦታ ቆሞ ሲያጓራ ትሰማ ነበር፤ ከሰው ጋር ወሬ ይዞ ነው ብላ ድንች መላጧን ቀጠለች። ቀድሞ የደረሰው ደልማር ነው። ፖሊሱ ሲመጣ የመቀመጫው መሰኪያ በቦታው ተሰክቶ ነበር፤ ሽቦውም የለም። አርሊስ አየች፣ ምንም አላለችም። ፖሊሱ «አሮጌ ማሽን» ብሎ ሄደ። ሸለቆውም «አሮጌ ማሽን» አለ። ለካርናም እንደዚያው ተነገራት። የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር አዲስ ለመግዛት የወሰነው ለዚህ ነው።

ማጨጃው አሁን ከሣጥኑ ወጥቶ ቀይ ሆኖ ቆሟል። መሪውም መቀመጫውም አልተገጠሙም፤ ራስና ልብ የሌለው አውሬ ይመስላል። አርሊስ በላስቲክ የተጠቀለለውን መመሪያ ቀደደች።

«እሱን ተዪው» አለ ደልማር። «እኔ ይህን ሥራ ጥርስ ሳላወጣ ነው የማውቀው።»

«"ማሽኑን ከመገጣጠምዎ በፊት ይህን መመሪያ በሙሉ ያንብቡ"» አርሊስ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አውርዳ አነበበች።

«አንብቤዋለሁ።»

«መቼ?»

«አሁን፤ አንቺ ስታነቢልኝ።»

አርሊስ አልሣቀችም። «"የእጅ ሰዓትና ቀለበት ያውልቁ" ይላል። ባትሪ ልትነካ ነው።»

ደልማር ሰዓቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተ። ቀለበቱ አልወጣ አለው፤ ጣቱ አብጧል። ትንሽ ታገለውና ጓንት አጠለቀበት። መጀመሪያ ቀዩን ገመድ አሠረ፣ ቀጥሎ ጥቁሩን። ዘይቱን በመለኪያው ዘንግ አየ። አርሊስ ማሽኑ ዘንበል ማለቱን ስትነግረው ሜዳ ላይ አስተካክሎ ደግሞ አየ። ጎማዎቹ ለጉዞ ተብሎ ከልክ በላይ ተነፍተዋል፤ እያስተነፈሰ በአየር መለኪያ አስተካከላቸው። ግራውና ቀኙ እኩል ካልሆነ ምላጩ ዘንበል ብሎ መሬቱን ይልጠዋል። ቤንዚኑን ሊሞላ ጀሪካኑን ሲያነሣ አርሊስ በጣቷ ወደ ውጭ አመለከተች። ደልማር ማሽኑን ገፍቶ ከመጋዘኑ አወጣና ጀሪካኑን መሬት ላይ አኖረ።

«ኦሪን ቢያይሽ ይሥቅብሽ ነበር» አለ።

«ይሣቅ።»

መሪው ገባ፤ ብሎኑ ጠበቀ። ምላጩን የሚያዞረው ቺንጊያ በየመዘውሩ መዋሉን ደልማር በጣቱ እየተከተለ አረጋገጠ። የመቀመጫው ተራ ሲደርስ ግን እጁ ዘገየ። መቀመጫውን በአራት ብሎን አሠረው፤ ከዚያ ወደ ፊት ገለበጠው። ከሥሩ ማብሪያዋ ታየች፤ ጥቁር፣ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ። የገመዷ መሰኪያ ተንጠልጥሏል። ደልማር መሰኪያውን ይዞ ቆመ። አርሊስ ከእሱ የአንድ ወንበር ያህል እንኳ አትርቅም፤ ሲተነፍስ ትሰማዋለች።

«ሰካኸው?» አለች።

«ሰካሁት።»

«ድምፅ አልሰማሁም።»

ነቀለና እንደገና ሰካው። ቀጭ አለ።

«አርሊስ» አለ ደልማር፣ ዐይኑን ከማብሪያዋ ሳያነሣ፣ «እኔ እኮ ያን ቀን…»

«የኋላው ጎማ ክዳን አልገባም» አለች አርሊስ ፈጥና። «እሱን ክደነው።»

ደልማር ሄዶ የጎማውን ክዳን ከደነ።

ካርና የመጣችው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ከምትነዳበት ከተማ ነው። የሹፌር ጃኬቷን እንደለበሰች ከመኪናዋ ወረደች። ቀጭን ናት፤ ነፋስ ቢገፋት የምትሄድ የምትመስል። ከሩቅ ሆና መጮኽ ጀመረች።

«እናንተ ሁለት ሽማግሌዎች! ገና መሪ እየገጠማችሁ ነው? ሙታን ተነሥተው ራሳቸው ያጭዱታል!»

«እናትሽ ናት ያዘገየችኝ» አለ ደልማር። «እያንዳንዱን ብሎን አስጠምቃዋለች።»

ካርና አጎቷን በአንድ ክንዷ አንገቱን አቅፋ ጉንጩን ሳመችው። አርሊስ ይህን ስታይ ዐይኗን ትሰብራለች። ለካርና መኪና መንዳት ያስተማራት ደልማር ነው። ባሏ ጥሏት የሄደ ጊዜ ዕቃዋን የጫነላት ደልማር ነው። ኦሪን ከሞተ ወዲህ እሑድ እሑድ ይደውልላታል፤ ከአየር ሁኔታና ከበቆሎ በቀር ሌላ አያወሩም፣ ግን እሷ ያን ስልክ ትጠብቃለች። አርሊስ የሆዷን በሆዷ የያዘችው ለዚህ ነው። ልጅቷ አባቷን አጥታለች፤ አጎቷንም መቀማት አልሆንላት አለ።

«ነይ እስቲ ፈትሺው» አለ ደልማር። «ፍሬኑን ያዢ። አስነሺ። አሁን ምላጩን አስገቢ። ከዚያ ከመቀመጫው ትንሽ ብድግ በይ፤ አትውረጂ።»

ካርና እንደተባለችው አደረገች። ብድግ ስትል ሞተሩ ጸጥ አለ።

«ውይ! ሞተ!» ብላ ሣቀች።

«መሞት አለበት» አለች አርሊስ። ካርና መልሳ አስነሣችው።

ሜዳው በቀላሉ ሄደ። ካርና በመቃብሮቹ መካከል ቀጥ ያለ መስመር እያወጣች ተመላለሰች፤ ባንዲራ ልትነቅል በወረደች ቁጥር ሞተሩ እየጠፋ እሷም እየተራገመች መልሳ አስነሣች። ደልማር መጋዘኑን ተደግፎ ያያል። «መጥፎ አይደለችም» አለ። «መስመሯ የአባቷ ነው።» አርሊስም ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበሩ ጀርባዋን አስደገፈች። ሰኞ የሙታን መታሰቢያ ነው። ከሩቅ ከቅርቡ ሰው ይመጣል፤ በወታደሮች መቃብር ላይ ባንዲራ ይተከላል፣ መለከት ይነፋል፣ ከዚያ ምሳ ይበላል። በዚያ ቀን የረዘመ ሣር ያለበት መቃብር የሸለቆው ነውር ነው። በሌላ ጊዜም የግቢውን ሣር ያላጨደ ሰው ሳይጠራው ጎረቤቱ መጥቶ ያጭድለታል፤ ምንም ቃል አይናገርም። ሰውየው ግን ተሰድቧል።

ቀጥሎ ካርና የማጨጃውን አፍንጫ ወደ ቁልቁለቱ አዞረች።

አርሊስ ተነሣች። ስለ መቀመጫው ብቻ ስታስብ ቆይታ ስለ ዳገት የሚናገረውን ገጽ አላነበበችም። «ካርና!» ብላ ጮኸች፤ ሞተሩ ዋጠው። ማጨጃው እያቃሰተ ወጣ። ካርና ወደ ላይ ስትወጣ ሰውነቷን ወደ ፊት አዘነበለች፤ ቀላል ነችና ብድግ ባትልም ክብደቷ ከመቀመጫው ላይ ተነሣ። ሞተሩ ጸጥ አለ። ማጨጃው ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ በእርጥቡ ሣር ላይ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ካርና ፍሬኑን በሁለት እግሯ ረገጠችው። የኋላው ጎማ የሶረም ቤተሰብ የመቃብር ድንጋይ ላይ ተጋጭቶ ቆመ።

አርሊስ ከመቼው እዚያ እንደደረሰች አታውቅም። ካርና ወርዳ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ ብላለች። ስትቀና ፊቷ ነጭ ሆኗል፤ ግን እየሣቀች ነው።

«ይህች ወንበር ልትገድለኝ ነው እኮ! ቀጭን ሰው አትወድም። ሰው እንዴት ነው የሚያደርገው? በሽቦ ነው አይደል? የአውቶቡስ ጋራዣችን ሰዎች ሁሉ አስረውታል። አጎቴ፣ አንተ ታውቅበታለህ። እሰርልኝና ሳይመሽ ልጨርሰው።»

ደልማር እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር። እጁ ንጹሕ ነው፤ ግን መጥረጉን አላቆመም።

«ዛሬ አይሆንም» አለ።

«ለምን?»

«መሣሪያ አልያዝኩም።»

«ምን መሣሪያ? የጣት ርዝመት ሽቦ እኮ ነው! መጋዘኑ ሙሉ ሽቦ አይደል እንዴ?» ካርና መልስ ሳትጠብቅ ወደ መጋዘኑ መራመድ ጀመረች። «ተወው፤ ስልኬ ላይ አይቼ ራሴ አስረዋለሁ። ሁለታችሁም ዛሬ ምን ነካችሁ?»

አርሊስ ደልማርን አየችው። ይናገራል ብላ ጠበቀች። ዐይኑን ድንጋዩ ላይ ተክሎ ቀረ። ካርና መጋዘኑ በር ደርሳለች፤ ከግድግዳው ላይ የተጠቀለለ ሽቦ እያወረደች ነው። አርሊስ ዝም ብትል የሚሆነውን ታውቃለች፤ አንድ ጊዜ ዝም ብላ አይታዋለችና።

«ካርና፣ ሽቦውን አስቀምጪው።»

«እማ፣ እባክሽ አንቺ ደግሞ…»

«አባትሽ ሲወርድ ሞተሩ አልጠፋም ነበር።»

«አውቃለሁ። አሮጌ ስለነበር…»

«አሮጌ ስለነበር አይደለም።»

ካርና ሽቦውን እንደያዘች ቆመች። እናቷን አየች፣ ከእናቷ ወደ አጎቷ ዞረች። ደልማር ጨርቁን ኪሱ ከተተ። በዝግታ ወደ ሁለቱ መጣ፤ ሲናገር ድምፁ ለራሱ የሚያወራ ይመስል ነበር።

«እኔ ነኝ ያሰርኩለት። በጸደይ። እንደዚህ ባለ ሽቦ።»

«እኔም አበራሁለት» አለች አርሊስ። «ኬክ ይዤ መጥቼ ነበር። ሥቄም ነበር።»

ካርና ለጊዜው ያልገባት ትመስል ነበር። «ፖሊሱ ግን አይቶታል። ተሰክቷል ነው ያለው። ወረቀቱን አንብቤዋለሁ።»

«ከመምጣቱ በፊት ነቀልኩት» አለ ደልማር።

«ከመምጣቱ በፊት?» አለች ካርና። «አባዬ እዚያ ወድቆ? እሱ እዚያ ወድቆ ሳለ አንተ መቀመጫ ትገለብጣለህ?»

ደልማር ጭንቅላቱን ወደ ታች ነቀነቀ።

«በየእሑዱ ትደውልልኛለህ» አለች። «ያን ሁሉ እሑድ! "ዝናብ ጣለ ወይ? በቆሎው በቀለ ወይ?" እያልክ…» ወደ እናቷ ዞረች። «አንቺስ? ከሱ ጋር ቁጭ ብለሽ ራት ስትበዪ ምን ትዪው ነበር? ጨው አቀብለኝ?»

«አዎ» አለች አርሊስ። ሌላ እውነት አልነበራትምና።

ካርና የሽቦውን ጥቅል መሬት ላይ ጣለችው። መኪናዋ ውስጥ ገባች፤ ሞተሩን አስነሥታ ወዲያው አልሄደችም። መሪውን ይዛ ቆየች። ከዚያ ሄደች።

ሁለቱ አረጋውያን ማጨጃውን ከድንጋዩ ላይ በገመድና በደልማር መኪና እየሳቡ አወረዱት። ድንጋዩ አልተሰበረም፤ ጠርዙ ላይ ቀይ ቀለም ቀርቶበታል። ደልማር በጥፍሩ ሊፍቀው ሞከረ።

«ባትነግሪያት ኖሮ…» አለ።

«ታስረው ነበር።»

«አስራውም ምንም ላትሆን ትችል ነበር። እኔ ስንቱን አስሬያለሁ። የሶረሞችን፣ የፓስተሩን። ምንም አልሆኑም።»

«ኦሪንም ላይሆን ይችል ነበር» አለች አርሊስ።

ደልማር ፍቂያውን ተወው። አርሊስ ታጣፊው ወንበር ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና የዳገቱን ገጽ ፈለገች። ማሽኑ የሚችለው የዳገት ልክ ሥዕል አለው፤ ገጹን አጥፈው ከፊታቸው ካለው ዳገት ጋር የሚያመሳስሉት። አጠፈችው፤ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ በአንድ ዐይኗ አየች። ቁልቁለቱ ከመስመሩ በጣም ይበልጣል። ደልማር ከትከሻዋ በላይ ሆኖ እያየ ነበር።

«አባቴም በዚህ ላይ አጭዷል» አለ። «ኦሪንም ዕድሜውን ሙሉ አጭዷል። ማንም እንዲህ አጥፎ አላየም።»

«እኛም አላየንም።»

በማግሥቱ ካርና መጣች። ከእናቷ ቤት በር ላይ ቆማ የመጋዘኑን ቁልፍ ጠየቀች፤ ግቢ ስትባል አልገባችም። ደልማር እንዳይመጣ ማንም አልከለከለውም፣ ግን አልመጣም። ሜዳውን በሙሉ አጨደችው። መሰኪያውን አልነካችውም። ቁልቁለቱ ሥር ስትደርስ ዞረች፤ ሣሩ ከነቢጫ አበባው ቀረ። አርሊስ ከመስኮት እያየች ነበር፤ እጇ ላይ የያዘችውን የሳህን ጨርቅ ጨምቃ ጨምቃ አድርቃዋለች። ካርና ቁልፉን ስትመልስ «ጎማው ላይ ያለው አየር ጥሩ ነው» አለች፤ ከዚያ ወደ መኪናዋ ሄደች።

ሰኞ ሸለቆው ሁሉ መጣ። መለከቱ ተነፋ፤ ሽማግሌዎቹ ወታደሮች ጠመንጃቸውን ወደ ሰማይ ተኮሱ፤ ሕፃናት ቀለሁን ሊለቅሙ ተሯሯጡ። ከዚያ ሰው በወረቀት ሳህን የአሳማ ሥጋ ሳንድዊችና የድንች ሰላጣ ይዞ በሣሩ ላይ ቆመ። የሁሉም ዐይን አንድ ቦታ ያርፋል፤ ቁልቁለቱ ላይ። የአያቶች ድንጋዮች ከረዘመው ሣር ውስጥ ግንባራቸው ብቻ ይታያል። የምሳውን ማኅበር የምትመራው በርዲን ሶረም መጨረሻ ላይ መታገሥ አልቻለችም።

«አርሊስ የኔ እናት፣ አዲሱ ማሽን ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም።»

«እንግዲያው ችግር የለም። ልጄ የራሱን ያመጣልሻል፤ ምሳ ሳንጨርስ ያጭደዋል። የእሱ መቀመጫው የታሰረ ስለሆነ በየመንገዱ አይጠፋበትም።» በርዲን ለማዋረድ አልተናገረችም፤ እንደ ውለታ ነው ያለችው። ልጇ ወፍራም እጁን አንሥቶ «ምንም አይደል፣ አሁን ሄጄ ላምጣው» አለ።

«ማንም ማሽን ይዞ እዚያ አይወጣም።»

የተናገረችው ካርና ናት። ከእናቷ ራቅ ብላ፣ ከአውቶቡስ ባልደረቦቿ ጋር ቆማ ነበር። ድምፅዋ አልጮኸም፣ ግን ሁሉም ሰማው።

«አባቴ እዚያ የሞተው ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ አይደለም። ከመቀመጫው ሥር በታሰረ ሽቦ ነው የሞተው።»

ሕፃናቱ ብቻ ሲጫወቱ ተሰማ። የበርዲን ልጅ እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። ሌሎቹ ወንዶች አንዱ ሳህኑን፣ አንዱ ጫማውን፣ አንዱ ኮረብታውን አየ። እዚያ ከቆሙት መካከል በመጋዘኑ እንዲህ ያለ ሽቦ የሌለው አንድም አልነበረም፤ ለብዙዎቹ ሽቦውን ያሰረላቸውም ደልማር ነው። ማን አሰረው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ካርናም አልተናገረችም። ሳህኗን አስቀምጣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ገባች። በርዲን የአርሊስን ክንድ ያዘች።

ደልማር ከግቢው ውጭ መኪናውን ተደግፎ ቆሟል። እሑድ ለመጀመሪያ ጊዜ አልደወለም። ዛሬም አጥሩን አላለፈም። አርሊስ በአንድ ሳህን ሥጋና ሰላጣ ሞልታ ወሰደችለት። ተቀብሏት በመኪናው አፍንጫ ላይ አኖረው።

«ሰማሁ» አለ። «እዚህ ድረስ ይሰማል።»

«ስምህን አልጠራችም።»

«አልጠራችም።» ወደ ምድር ቤቱ በር አየ። «ለምን አልጠራችም?»

«ለእኔም አልነገረችኝም።»

ደልማር ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን አየ፣ መልሶ ደፋው። «ያን ቁልቁለት ማን ሊያጭደው ነው? እስከ በጋ ድረስ ጫካ ይሆናል።»

«ሰው በእጁ። በትከሻ በሚንጠለጠለው ትንሹ ማጨጃ። አንተ ታጭደዋለህ ብዬ ዛሬ ጠዋት ለካርና ነግሬያታለሁ።»

«እኔ? ምን አለች?»

ካርና ጠዋት ያን ስትሰማ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። «እሱ ኮረብታ መውጣት አይችልም» ብላ ነበር መጀመሪያ። ቀጥላ «ይችላል» አለች፣ እንደ ተናደደች። አርሊስም ነገሩን ሳታለዝብ እንደተነገረ አስተላለፈች።

«"ቆዳ ጫማ ያድርግ፤ አፍንጫው ብረት ያለው። ብቻውንም አይውጣ" ብላለች።»

ደልማር ሹካውን አነሣ። ሥጋው ላይ ሰካው፤ ወደ አፉ ግን አላደረሰውም።

«ብቻውን አይውጣ?» አለ። «ከማን ጋር ልውጣ ታዲያ?»

«እሱን አልነገረችኝም» አለች አርሊስ። «ብላ። ይቀዘቅዛል።»